ላልቶ ተጽፎ ጠብቆ የተነበበ

ሀርጌሳ፣ ዋሄን ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ድሮ ዳሚ ሰፈር አብራኝ ትኖር ለነበረችው፣ አሁን በርበራ ሰው ቤት ለምትሠራው ለዘነበች በስልክ መልእክት ላክሁላት። «ሰፊ ቤት ገባሁ» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው መለሰች፦ «እልልል! ስንት ክፍል ነው? ለብቻሽ ነው ወይስ ሰው አለሽ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ከማሽኑ ቀና ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። «ፊ» ሲጠብቅ ትልቅ ቤት ነው፤ ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው። ሲጻፍ ግን አንድ ነው። ልብስ ሰፊው «ምን አገኘሽ?» አለኝ በሶማሊኛ። ላስረዳው አልቻልኩም። በዚህ ከተማ ይህን ቀልድ ብነግራቸው ከእኔ በላይ የሚስቁ አንድ ሰው ነበሩ። አሁን እዚህ የሉም።

እኚህ ሰው መምህር ዩሱፍ ናቸው። እሳቸው የፍልስፍና መምህር፣ እኔ ደግሞ አንባቢያቸው ነበርኩ። ሥራው አልቋል። እጄ ሌላ ሙያ እየለመደ ሲሄድ ያኛው እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሀርጌሳ የገባሁት በጅግጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌ በኩል ነው። መጀመሪያ የሠራሁት ሼክ ኑር በሚባል ሰፈር፣ ኤዶ ሆዳን የሚባሉ ሴት ቤት ነበር። ኤዶ ማለት አክስት ማለት ነው፤ ትልቅ ሴት ሁሉ እንዲያ ይባላል። ደግ ሴት ነበሩ፤ ሲናገሩ ግን ይፈጥናሉ። እኔ ደግሞ ያልገባኝን እንደገና መጠየቅ አፍር ነበርና ለሁሉም «ሃ» እላለሁ፤ በሶማሊኛ እሺ፣ አዎ ማለት ነው። ሩዙ ላይ ጨው ጨምረሻል ወይ ሲሉ «ሃ»፣ አልጨመርሽም ወይ ሲሉም «ሃ»። ቤቱ በሙሉ ውሃ ሲጠጣ ዋለ። ኤዶ አልተቆጡኝም። «ይቺ ልጅ ለወዳጅም ለሌባም በር ትከፍታለች» ብለው ሳቁና ሌላ ሠራተኛ ፈለጉ።

ከዚያ ግንባታ ላይ አሸዋና ውሃ አመላልስ ነበር። ከዚያ አንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ ጽዳት ገባሁ። ደመወዙ ከግንባታው ያንሳል፤ ጥላ ግን አለው።

አንድ ጠዋት ቢሮ ስጠርግ ነፋስ በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ወረቀት በተነው። ለቅሜ፣ ደርድሬ አስቀመጥኩት። የቢሮው ባለቤት መምህር ዩሱፍ የላይኛውን ወረቀት አንስተው አፍንጫቸው ሥር አስጠጉና በጎን በኩል አዩት። ስኳር ዓይናቸውን አድክሞት ነበር፤ ሰው ከነጥላው ያያሉ፣ ፊደል ግን አያዩም።

«ይሄ ወረቀት የገጽ ቁጥር የለውም» አሉ በአማርኛ። «ቅደም ተከተሉን እንዴት አወቅሽው?»

መሬት መሬቱን እያየሁ «የአንዱን መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ እያገናኘሁ» አልኩ።

«አንብበሽ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«እስከ ስንት ተምረሻል?»

«እስከ ስድስት።»

«አቦ! እኔ እኮ አማርኛ የሚያነብልኝ ሰው ስፈልግ ነው የከረምኩት። መጥረጊያውን አስቀምጪና ቁጭ በይ።»

«አቦ» የሚሉት ድሬዳዋ ስላደጉ ነው። የተወለዱት እዚሁ ሀርጌሳ ነው፤ ልጅ ሳሉ፣ በድሮው ጦርነት፣ ከተማዋ ስትደበደብ ቤተሰቡ ተሰደደ። አዲስ አበባ ፍልስፍና ተማሩ፣ አስተማሩም። በኋላ ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው ለኮሌጁ ተማሪዎች በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ ሎጂክ ያስተምሩ ነበር። ለራሳቸው የሚያስቡት ግን በአማርኛ ነበር። «እርስዎ አትበይኝ፣ አንድ ሰው ነኝ እኮ» ይሉኛል። አልቻልኩም። እኛ አገር መምህር አንተ አይባልም።

ስለ ፍልስፍና የማውቀው አንድ ነገር ነበር። እናቴ መልስ ስሰጣት «አትፈላሰፊብኝ!» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ፍልስፍና ማለት ለትልቅ ሰው መልስ መስጠት ይመስለኝ ነበር። ይህን ስነግራቸው መምህር ዩሱፍ ጉልበታቸውን መቱ። «እናትሽ ከብዙ መጽሐፍ አሳጥረው ተናግረውታል» አሉ።

ማንበብ ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን አንድ ገጽ በአንድ ትንፋሽ ሮጥኩበት። ስጨርስ «ጥሩ ድምፅ ነው፤ አሁን ደግሞ ምን እንዳለ ንገሪኝ» አሉኝ። ምንም አልያዝኩም። ከዚያ ወዲህ ሥራውን አስተማሩኝ። ገጹን መጀመሪያ በዝምታ አነባለሁ። እርሳስ ይዤ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ሁለት ነጥብ አደርጋለሁ። ትንፋሽ የምወስድበትን ጭረት አኖርበታለሁ። እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ቃል ሁለቱንም መንገድ አንብቤላቸው እሳቸው ይመርጣሉ። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ መኖር ነው፤ በፍልስፍና ወረቀት ውስጥ ይህን መሳሳት ቀላል ጥፋት አይደለም።

«ሶማሊኛ የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል፤ አለቀ» ይሉ ነበር። «ፊደላችሁ ግን ይሄ ሁሉ ሠራዊት ይዞ ለዚህች አንድ ምልክት አጣ!» ሲናደዱ «ፊደላችሁ» ይላሉ። ደስ ሲላቸው ደግሞ «ፊደላችን»። ቀኑ እንዴት እንደሚውል ከዚህ ነበር የማውቀው።

ሌላው ያስተማሩኝ ድምፄን ከጸቡ ማውጣት ነው። ወረቀቱ ውስጥ እሳቸው የማይስማሙበት ሰው ሐሳብ ሲመጣ ሳላውቀው ድምፄን አኮማትር ነበር። «ተይ! አንቺ ፈራጅ አይደለሽም። እንደ ወዳጅ አንብቢው፣ ከዚያ እኔ እጣላዋለሁ» ይሉኛል። ካነበብኩ በኋላም ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «አሁን እስከ የት ድረስ ነው የምናውቀው?» ከዚያ ያለፈውን አይናገሩም። አዛን ሲል ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ከሶላት ሲመለሱ ገና ሳይቀመጡ ያቆምንበትን ቃል ይነግሩኛል። አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳቱም። እኔ በረመዳን ጾም እንጀራዬን ደብቄ እንደምበላም ያውቁ ነበር፤ በሩን ዘግተውልኝ ይወጣሉ እንጂ አይጠይቁኝም።

ከወረቀቱ ሌላ የስልኩ ወሬ ነበር። መምህር ዩሱፍ ከድሮ የትምህርት ክፍል ጓደኞቻቸው ጋር አንድ የመልእክት ቡድን ነበራቸው። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ናይሮቢ፣ ሌላው ፈረንጅ አገር። ማን የክፍል ኃላፊ ሆነ፣ ማን የተማሪውን ጽሑፍ በራሱ ስም አወጣ፣ በአማርኛ ፍልስፍና ይጻፋል ወይስ አይጻፍም፣ ማን የማንን ስም ሳይጠቅስ አለፈ። እኔ ሐሜት የዳሚ ሴቶች ሥራ ይመስለኝ ነበር። እነዚህ ዶክተሮች ግን ሲተማሙ ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው። መምህር ዩሱፍ እየሰሙ «ኧረ ይሄ ሰውዬ!» ይላሉ፣ ይስቃሉ፣ ይናደዳሉ። ያ ቢሮ፣ ያ የከሰዓት ሙቀት፣ የሳቸው ሳቅ። አሁን ዋሄን መሃል ሆኜ የመኪናና የሻጭ ጩኸት ሲያደነቁረኝ እሱን ነው የምመኘው።

ከቡድኑ ሁሉ የሚወዱት መምህር ሰሎሞንን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አንድ ክፍል ተኝተዋል፣ አንድ ኮት ተራ በተራ ለብሰዋል። ሰሎሞን ሰሜን ያለ ከተማ ያስተምር ነበር። የድምፅ መልእክቱ ሁሌ የሚጀምረው በስድብ ነው። «አንተ የግመል ጠበቃ፣ አለህ?» ይላል። እሳቸውም «አለሁ፣ አንተ የድንች ፈላስፋ» ብለው ይመልሳሉ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የሰሎሞን ከተማ ስልክ ተቋረጠ። እናቴ ያለችበት ወረዳም ተቋረጠ። በየቀኑ እደውላለሁ፤ ያቺ የማሽን ሴት የደወልኩላቸው ደንበኛ አሁን ሊገኙ እንደማይችሉ ትነግረኛለች። ድምፅዋን ጠላሁት። ቡድኑም ተለወጠ። ትናንት ስለ እውነት ምንነት ሲከራከሩ የነበሩት ዛሬ ማን የየትኛውን ወገን መግለጫ እንደፈረመ ይቆጣጠሩ ጀመር። ሰላምታ የማይመልሱ መጡ። ዝም ብለው የወጡም ነበሩ።

ጓደኛሞቹ አንድ የአማርኛ የፍልስፍና መጽሔት ነበራቸው። ስልክ ከመቋረጡ በፊት ሰሎሞን የላከው ጽሑፍ በዚያ ሰሞን ታትሞ ወጣ። ጽሑፉ ሰው በችኮላ ስለሚደርስባቸው የተሳሳቱ መደምደሚያዎች ነው። መምህር ዩሱፍ አስቀርበው አስነበቡኝ። መሃሉ ላይ እንዲህ የሚል ምሳሌ አለ፦ «ጠላት ይመታል። ይህ ሰው ይመታል። ስለዚህ ይህ ሰው ጠላት ነው።»

አነበብኩ። እጃቸውን አነሡ።

«ለምን አጠበቅሽው?»

«ምኑን?»

«ይመታል የሚለውን። ነጥብ አድርገሽበታል?»

ገጹን አየሁ። አዎ፣ «መ» ላይም «ታ» ላይም ነጥብ አድርጌያለሁ። ስነጥበው አላሰብኩም ነበር። «ሬዲዮው እንዲህ ነው የሚለው። ሰዉም ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» አልኩ።

«አላልተሽ አንብቢው።»

አላልቼ አነበብኩት። ሌላ ነገር ሆነ። ሲላላ፣ ጠላት የሚባለው ሌላውን ይመታል፣ ይህም ሰው ሌላውን ይመታል፣ ስለዚህ ጠላት ነው ማለት ነው። መምህር ዩሱፍ አስረዱኝ፦ አባትም ይመታል፣ የኔታም ይመታሉ፤ የመታ ሁሉ ጠላት አይደለም፤ ሰሎሞን የሚያሳየው ይህን ስሕተት ነው። ሲጠብቅ ግን ጠላት ዱላ ይቀምሳል፣ ይህም ሰው ዱላ ይቀምሳል ይሆናል። ዛቻ ነው።

ቡድኑ ያነበበው አጥብቆ ነበር። «ምሳሌ መስሎ የገባ ዛቻ ነው» አሉ። «ይህ ሰው» የተባለው እገሌ ነው ብለው ከመሃላቸው አንዱን ጠቆሙ። መጽሔቱ ጽሑፉን እንዲሰርዝ፣ ሰሎሞንን የሚያወግዝ መግለጫም እንዲያወጣ ጠየቁ። መግለጫው ከወጣ ሰሎሞን የማስተማር ሥራውን ያጣል፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ሥራ ማጣቱ የክፉው ሁሉ መጀመሪያ ነበር። እሱ ራሱ ስልክ በሌለበት አገር ነው። ሊናገር አይችልም። በሕይወት ይኑር አይኑር እንኳ የሚያውቅ የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በስልክ ስብሰባ ተጠራ። መምህር ዩሱፍ «አንቺ ታነቢዋለሽ» አሉኝ። ሰው ፊት ስሜን መናገር የምፈራ እኔ! ሳምንቱን በሙሉ እነዚያን ሦስት ዓረፍተ ነገር አነበብኩ። ዕቃ ሳጥብም፣ ውሃ ስቀዳም «ይመታል፣ ይመታል» እያልኩ። የዳሚ ሴቶች ባል ያገኘሁ መስሏቸው «ማን ነው የሚመታሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

ቅዳሜ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገን ተቀመጥን። ጽሑፉን ከፊቱም ከኋላውም ያለውን ጨምሬ አነበብኩ። ምሳሌው ጋ ስደርስ አላልቼ አለፍኩት።

አንድ ሰው «እንዲያ እንድታነብ ተነግሯት ነው» አለ።

ሌላው «ልጄ፣ ከየት ነሽ?» አለኝ።

የወረዳዬን ስም ነገርኩት።

«እንግዲያው ግልጽ ነው» አለ።

መምህር ዩሱፍ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ልጅቷን ተዋት! ከእኔ ጋር ተነጋገር።» ከዚያ ተከራከሩ። ምሳሌው ሲላላ ከጽሑፉ ጋር እንደሚሄድ፣ ሲጠብቅ ግን ከፊቱ ካለው አንቀጽ ጋር እንደማይገጥም አንድ በአንድ አሳዩ። ያን ያህል ቆንጆ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሰዎቹ ያዳምጡ ነበር። የሚያሸንፉ መሰለኝ።

ሰብሳቢው በትሕትና ነው የጠየቃቸው። «ዩሱፍ፣ ሰሎሞንን ከሁላችንም በላይ አንተ ነህ የምታውቀው። አላልቶ ነው የጻፈው ብለህ ቃልህን ትሰጠናለህ? ቃልህ ይበቃናል።»

መምህር ዩሱፍ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አፍንጫቸው ሥር አስጠጉ። ከውጭ የውሃ ጋሪ የሚጎትት አህያ ሲያልፍ ይሰማል። በልቤ «አዎ ይበሉ፣ አዎ ይበሉ» እላለሁ።

«ፊደሉ ሁለቱንም ይችላል» አሉ በመጨረሻ። «አላልቶ ማንበብ የተሻለ እንደሆነ አሳይቻለሁ። ሲጽፍ በልቡ ምን እንደነበረ ግን አላውቅም።»

ድምፅ ተሰጠ። ጽሑፉ ተሰረዘ፤ መግለጫውም ወጣ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወረቀቱን እየሰበሰብኩ በሕይወቴ ተናግሬው የማላውቀውን ተናገርኩ። «መምህር፣ እርስዎ ግን ያውቁ ነበር።»

«ገምቼ ነበር። መገመትና ማወቅ ይለያያል።»

«እናቴ በሕይወት እንዳለች የነገረኝ የለም። ግን አውቃለሁ።»

«አታውቂም» አሉ። «ትመኛለሽ።»

ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ። ከኮሌጁ እስከ ዳሚ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት። በማግስቱ መጥረጊያ ይዤ ስገባ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ትርንጎ፣ ትናንት የተናገርኩት እውነት ነበር» አሉኝ። «ግን መናገር አልነበረብኝም።» እኔም «ሃ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ማንበቡን ቀጠልን፤ እሳቸው ግን «እስከ የት ድረስ ነው የምናውቀው» ማለት ተዉ። ከቡድኑም ወጡ። በሙያው ውስጥ ማን ምን አለ የሚለውን መስማት አልፈለጉም። አዛን ሲል ሄደው ሲመለሱ አንድ ቀን ያቆምንበትን ቃል እኔን ጠየቁኝ። ያን ቀን ደነገጥኩ።

ስልኩ የተከፈተው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። መጀመሪያ የእኛ ወረዳ ተከፈተ። እናቴ አለች። ድምፅዋ ቀጥኗል፣ አለች ግን። «ማነሽ?» ስትለኝ መናገር አቃተኝና ደግማ ደጋግማ «ማነሽ?» አለችኝ።

የሰሎሞን ስልክ የመጣው ዘግየት ብሎ ነው። ቁጥሩን እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው፤ የድሮው ቁጥሩ ነው፣ የሚደውለው ግን ከአዲስ አበባ ነበር። መምህር ዩሱፍ አንሥተው «አንተ የድንች ፈላስፋ!» አሉ። ከወዲያ ስድብ አልመጣም። ሰላምታ መጣ፤ እንዴት ነህ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ጤና እንዴት ነው የሚል የእንግዳ ሰላምታ። ሥራውን አጥቷል፣ ቤቱም ተዘርፏል፤ ዘመድ ቤት ተጠግቶ ነበር። ስልኩ ማጉያው ላይ ስለነበረ ሁሉንም እሰማለሁ። ልውጣ ብል እጃቸውን ዘርግተው አስቀሩኝ።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አሉት። «ይመታል ያልከው ላልቶ ነው፣ አይደለም?»

«ላልቶ ነበር» አለ ሰሎሞን። «አሁን እንደፈለጋችሁ አንብቡት። አንተ አላውቅም አልክ አሉ።»

«ፊደሉ አይናገርም ነው ያልኩት፣ ሰሎሞን። ከፊደሉ በላይ ማለት...»

«ዩሱፍ፣ ስለ ፊደሉ አልነበረም የጠየቁህ። ስለ እኔ ነበር የጠየቁህ።»

መምህር ዩሱፍ ስልኩን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ ፊታቸው አስጠጉ። ከወዲያ ሰሎሞን «እንግዲህ ደህና ሁን» አለ።

በዚያው ሳምንት «ሰሎሞን ዘንድ፣ አዲስ አበባ እሄዳለሁ» ብለው ለኮሌጁ መልቀቂያ አስገቡ። የሎጂኩን ትምህርት የሚረከብ ሰው ስላልተገኘ በሌላ ትምህርት ተኩት። ዘመዶቻቸው ዓይንህ እያየ አይደለም፣ ብቻህን የት ትሄዳለህ ብለው ለመኗቸው። «በስልክ የሚነገር አይደለም» አሏቸው። እኔ እስከ ጅግጅጋ የሚሄደው መኪና ድረስ ሻንጣ ይዤ ሸኘኋቸው። «ካልሰማኝስ፣ ትርንጎ?» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ያዝኩ። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ።

ብዙ ጊዜ ምንም አልሰማሁም። ኮሌጁ ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ወጣሁ። ልብስ ሰፊው ጋ ገባሁ፤ የሱሪ እግር አሳጥራለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። ሥራው ደህና ነው። ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አላነብም።

ባለፈው ሳምንት ከማላውቀው ቁጥር የድምፅ መልእክት መጣልኝ። ከገበያው ጩኸት ሸሽቼ ከጨርቁ ክምር ኋላ ገብቼ ከፈትኩት። የሚያነበው ሰሎሞን ነው። ጽሑፉን እንደ አዲስ ጽፎታል። ምሳሌው ጋ ሲደርስ ላላ አድርጎ አነበበው፤ ትንሽ ቆየና ደግሞ አጠበቀው። «በመጀመሪያው ጊዜ ይሄ አልፎኝ ነበር» አለ። «አንድን ሰው ሲመቱት ያየ ጎረቤት፣ ካልበደለ አይመቱትም ብሎ ጠላት ያደርገዋል። ይሄም ያው ስሕተት ነው። ሁለቱም ይግባ።» ከዚያ ያለ ትንፋሽ፣ ያለ ማረፊያ እየሮጠ ቀጠለ፤ መሃል ላይ እያቆመ ከራሱ ጽሑፍ ጋር ይጣላል።

«ቀስ በል፣ አቦ!» የሚለው የመምህር ዩሱፍ ድምፅ ነው። «እንደ ትርንጎ አንብብልኝ።»

«ትርንጎ ማናት?»

«የምትሰማህ» አሉት። «ላክላት፣ ላክላት።»